ቁጥሩ የሚበላሸው መጋዘኑ በር ላይ ነው

የእርዳታ ዕቃ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ከወረቀትና ከኤክሴል ወጥቶ አዲስ የንብረት መቆጣጠሪያ ሲስተም ሲያስገባ የሚገጥመው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሲስተሙ ይሠራል፣ ሥልጠናው ይሰጣል፣ ሪፖርቱም በቀኑ ይደርሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ከወጪ ቀሪ (የወጣው ተቀንሶ የቀረው ብዛት) እና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አይገናኝም። እኛም ያለፍነው በዚሁ ነው። ለማስተካከል የፈጀብን ጊዜ ሲስተሙን ለመትከል ከፈጀው በእጅጉ በልጧል፤ ምክንያቱም ችግሩን ሲስተሙ ውስጥ ስንፈልግ ቆየን። ችግሩ ግን መኪናው በሚያራግፍበት፣ ስቶር ኪፐሩ ዌይቢል (የጭነት ማስረከቢያ ሰነድ) ይዞ በሚቆምበት በር ላይ ነበር። ይህን የምጽፈው ገና ልትጀምሩ ላላችሁ ነው። የትኛው ስህተት ምን እንደሚያስከፍል ቀድማችሁ ካወቃችሁ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል።

የመጀመሪያው ስህተት አሮጌውን የዕቃ ዝርዝር ሳያጸዱ ወደ አዲሱ ሲስተም መገልበጥ ነው። አንዱ መጋዘን «ብርድ ልብስ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ብርድልብስ» ይለዋል፣ ሦስተኛው «ብ/ልብስ መካከለኛ» ብሎ ያሳጥረዋል። ሰው ሲያነበው አንድ ዕቃ ነው፤ ለሲስተሙ ግን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ውጤቱ አንዱ ኮድ ላይ ዜሮ፣ ሌላው ላይ ክምችት መታየት ነው። ግዢ ክፍሉ ዜሮውን አይቶ ያዛል፣ ዕቃው ደግሞ እዚያው መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድም መረጃ ከመገልበጣችሁ በፊት ዝርዝሩን በስም ደርድሩ፣ የሚመሳሰሉትን ሰብስቡ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ኮድ፣ አንድ ስም፣ አንድ አጭር መግለጫ (መጠን፣ ጥንካሬ፣ ዓይነት) እና አንድ መለኪያ ስጡት። አሮጌዎቹን ስሞች ግን አትጣሏቸው። «የቀድሞ ስም» የሚል አምድ ክፈቱና እዚያ አስቀምጧቸው፤ ሠራተኛው ዕቃውን የሚፈልገው በለመደው ስም ነው፣ ካላገኘው ደግሞ አዲስ ኮድ ይጠይቃል ወይም ቀረብ ያለውን ይመርጣል።

አዲስ ኮድ የመክፈት ሥልጣን ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለእሱና ለተተኪው ብቻ ይሰጥ። ያ ሰው ግን ጥያቄ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መልሱ ከዘገየ መኪና ቆሞ የሚጠብቅ ስቶር ኪፐር «ልዩ ልዩ» የሚለውን ኮድ መጠቀሙ አይቀርም፣ ያ ኮድ ደግሞ ከወር ወር እያበጠ ሄዶ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም የማያውቀው ጎተራ ይሆናል። ከቻላችሁ «ልዩ ልዩ» የሚባል ኮድ ከመጀመሪያውም አይኑራችሁ። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። አንድ ወረዳ በአራት ዓይነት ፊደል ሲጻፍ አራት መዳረሻ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ለብዙ አገሮች ያዘጋጃቸው የቦታ ኮዶች (ፒ-ኮድ የሚባሉት) አሉ፤ እነሱን ከተጠቀማችሁ የእናንተ ዝርዝር ከሌሎች ድርጅቶች ዝርዝር ጋር ያለ ጭቅጭቅ ይገጥማል።

ቀጥሎ የመጣው የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ አደገኛ ሆኖ ያገኘሁትም ይህንኑ ነው። ለከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና የሚውለውን አልሚ ምግብ እንውሰድ። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፣ አንድ ካርቶን 150 ፓኬት ይይዛል። በዕቅድ ላይ ለአንድ ሕፃን ሙሉ ሕክምና በግምት አንድ ካርቶን ይያዛል። መጋዘኑ 40 ካርቶን ተረክቦ በፓኬት ቆጥሮ 6,000 ብሎ ጻፈ እንበል። የሲስተሙ መለኪያ ካርቶን ከሆነ ሪፖርቱ ለ6,000 ሕፃናት የሚበቃ ክምችት አለ ይላል፤ በእውነት ያለው ለ40 ነው። ቀጣዩ ጭነት «ክምችት በዝቷል» ተብሎ ይዘገያል። ስህተቱ በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ የሌለ እጥረት ይፈጠርና ከሌላ ቦታ ዕቃ ይነሳል። ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩ በራሱ ንጹህ ቁጥር ነው፣ የትኛውም ሲስተም «ይህ ስህተት ነው» አይልም።

እዚህ ላይ የሠራው መላ ቀላል ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ መሠረታዊ መለኪያ ይኑረው፣ ያም ለተጠቃሚው የሚታደለው ትንሹ አሃድ ይሁን። ካርቶኑ ስንት ፍሬ እንደሚይዝ ኮዱ ጎን ይጻፍ፣ መክፈልና ማባዛቱን ሰው በጭንቅላቱ አይሥራ። ሁለተኛ፣ ሰነዱ ላይ ቁጥር ብቻውን አይጻፍ። «40 ካርቶን በ150 = 6,000 ፓኬት» ተብሎ ሦስቱም ይጻፉ። ሦስተኛ፣ ክብደቱን አስሉ። 150 ፓኬት በ92 ግራም 13.8 ኪሎ ይሆናል፤ 40 ካርቶን 552 ኪሎ ነው። 6,000 ካርቶን ቢሆን 82.8 ቶን ይመጣል። በአንድ አነስተኛ የጭነት መኪና የመጣ ዕቃ 82 ቶን ሊሆን እንደማይችል ስቶር ኪፐሩ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለማሰብ የሚያስችለውን ቁጥር ግን ከፊቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እኛ በገቢ ሰነዱ ላይ «ጠቅላላ ክብደት» የሚል አንድ ሳጥን ጨመርን፤ የመለኪያ ስህተት ገና በር ላይ መያዝ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ኤክሴል ራሱ ሳይታወቅ የሚያበላሸውም ነገር አለ። ወደ ሲስተም የሚገባው መረጃ አብዛኛው አንድ ቦታ ላይ በኤክሴል ስለሚያልፍ ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። 03/04/2026 የሚል ቀን በአንዱ ኮምፒውተር ኤፕሪል 3 ነው፣ በሌላው ማርች 4 ነው። ቀኑ ከ12 በላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ግራ ይጋባና ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ እስከ 12 ያለውን ግን ዝም ብሎ ይገለብጠዋል። ስለዚህ በአንድ አምድ ውስጥ ከፊሉ የተገለበጠ፣ ከፊሉ ጽሑፍ የሆነ ቀን ይገኛል። መለያው ይህ ነው፤ አምዱን ሰፋ አድርጉት፣ ማንም አሰላለፉን ካልነካው እውነተኛ ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። ማስቀረት የሚቻለው ወሩን በፊደል በመጻፍ ወይም ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ (2026-04-03) በመጻፍ ነው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን በሚሠራበት ቦታ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ፎርሙ ራሱ ላይ ይታተም፣ ለሠራተኛው ምርጫ አይተው።

ባች ቁጥርም (በአንድ ዙር የተመረተውን ዕቃ የሚለየው ቁጥር) ይጎዳል። በዜሮ የሚጀምር ከሆነ ዜሮው ይጠፋል። በአኃዞች መካከል የእንግሊዝኛው ኢ ፊደል ብቻውን ካለ፣ ማለትም 12 ከዚያ ኢ ከዚያ 5 ከሆነ፣ ኤክሴል 1,200,000 ነው ብሎ ያነበዋል። ከ15 አኃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ሲገባ ከ15ኛው በኋላ ያሉትን ወደ ዜሮ ይለውጣቸዋል፤ የፓሌት መለያ የሆነው 18 አኃዝ ያለው ባርኮድ የመጨረሻ ሦስት አኃዞቹን የሚያጣው በዚህ ነው። መረጃው ከገባ በኋላ ሴሉን «ጽሑፍ» ብሎ መቀየር የጠፋውን አይመልስም። አምዱ አንድም ነገር ሳይገባበት በፊት ጽሑፍ መደረግ አለበት። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ባርኮድ የምትቃኙ ከሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በስድስት አኃዝ፣ ዓመት ወር ቀን ተብሎ እንደሚገኝ፣ ቀኑ 00 ከሆነ የወሩ መጨረሻ ማለት እንደሆነ እወቁ። 270600 ማለት የ2027 ስድስተኛው ወር ማብቂያ ነው። ይህን ያልተነገረው ሲስተም ወይ ስህተት ያሳያል ወይ ቀኑን ወደ ወሩ መጀመሪያ ይወስደዋል፤ አንድ ወር ሙሉ የሚቀረው መድኃኒት ጊዜው እንዳለፈ ተቆጥሮ ይለያል።

የፋይሉ ዓይነት እንኳ ያስከፍላል። እንግሊዝ አገር ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባለው ጊዜ 15,841 የኮሮና ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት ውጪ ሆነው ነበር። መረጃው ያለፈበት የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት በአንድ ገጽ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይቀበልም፤ የተረፈው ተቆርጦ ቀረ። ትልቅ አቅም ያለው አገር ላይ ይህ ከሆነ እኛ ዘንድ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት የለም። ፋይል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ባሳለፋችሁ ቁጥር የተላከውና የደረሰው ረድፍ ብዛት ይመሳከር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ነገሩ የተቀየረው አንድ ቁጥር ይዘን ወደ ኋላ መሄድ ስንጀምር ነው። ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ስለ ዳታ ጥራት ማውራት የትም አላደረሰንም። ከወርሃዊ ሪፖርቱ አንድ ከወጪ ቀሪ ወስደን ወደ ሲስተሙ፣ ከሲስተሙ ወደ ስቶክ ካርዱ (ቢሮ የሚቀመጠው የዕቃው መዝገብ)፣ ከዚያ ወደ ቢን ካርዱ (ዕቃው አጠገብ የሚቀመጠው ካርድ)፣ ከዚያ ወደ ገቢና ወጪ ሰነዶቹ፣ በመጨረሻም መደርደሪያው ድረስ ሄድን። በየደረጃው ቁጥሩ ይጻፋል፤ የት ላይ እንደተለወጠ ፍንትው ብሎ ይታያል። እናንተም ስትሞክሩት አሥር ዕቃ ምረጡ። አምስቱን ከሪፖርት ወደ መደርደሪያ ውሰዱ፣ አምስቱን ደግሞ መደርደሪያው ላይ ዓይናችሁ ካረፈበት ዕቃ ተነስታችሁ ወደ ሪፖርት ሂዱ። ሁለተኛው መንገድ የሚያጋልጠው የመጀመሪያው የማያየውን ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያለ፣ ሪፖርት ውስጥ ግን ጭራሽ የሌለ ዕቃ።

ልዩነት ስታገኙ ቶሎ ብላችሁ «ጉድለት» አትበሉት። በብዛት የሚገኘው የጊዜ ልዩነት ነው፤ ዕቃው ትናንት ወጥቷል፣ ሰነዱ ጠረጴዛ ላይ አድሯል። ቀጥሎ የመለኪያ ስህተት ነው፤ ልዩነቱን ከካርቶኑ ይዘት አንድ ተቀንሶ ለሚገኘው ቁጥር (150 ለሚይዝ ካርቶን ለ149) አካፍሉት፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምንጩ ይህ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ 54ን 45 ብሎ እንደመጻፍ ያለ የአኃዝ መገለባበጥ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዕቃ ላይ የጎደለው ሌላው ላይ ልክ በዚያው መጠን ከተረፈ ኮድ ወይም ባች ተሳስቷል። ይህ ሁሉ ተጣርቶ የቀረው ነው በእውነት የጠፋ ወይም የተበላሸ የሚባለው።

የቆጠራው አካሄድም ተለወጠ። ቀድሞ ቆጣሪው የሚይዘው ወረቀት ላይ ከወጪ ቀሪው ታትሞ ነበር። 312 የሚል ቁጥር ፊቱ ያለ ሰው 308 ሲያገኝ እንደገና ይቆጥራል፤ 312 እስኪመጣለት። አሁን ወረቀቱ ላይ ኮድ፣ ስም፣ ባች፣ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ የብዛቱ ሳጥን ባዶ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፤ ከተለያዩ ሦስተኛ ሰው ይቆጥራል። ከመጀመራቸው በፊት ወረቀቱ አናት ላይ የመጨረሻው የገቢ ሰነድ ቁጥርና የመጨረሻው የወጪ ሰነድ ቁጥር ይጻፋል። ይህች አንዲት መስመር ከሌለች በቆጠራው ቀን የተንቀሳቀሰ ዕቃ ሁሉ በኋላ ክርክር ይሆናል። የተደረደረ ካርቶን ስትቆጥሩ ታችኛውን ረድፍ በከፍታው አባዝታችሁ ብቻ አትለፉ። በአንድ ረድፍ 8 ካርቶን፣ በ5 ከፍታ፣ 40 ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ መሃሉ ክፍት ሆኖ የተደረደረ ወይም ከኋላ በኩል የተነሳለት ድርድር ግን ከፊት ሲታይ ልዩነት የለውም። በየቆጠራው ቢያንስ አንዱን ድርድር አፍርሳችሁ ቁጠሩ።

በዓመት ሁለቴ መጋዘን ዘግቶ መቁጠሩን ሙሉ በሙሉ አልተውነውም፤ ልዩነት የምናገኘው ግን አሁን በየሳምንቱ ነው። ብዙ የሚንቀሳቀሱትንና ውድ የሆኑትን በየሳምንቱ፣ መካከለኞቹን በየወሩ፣ የቀሩትን በየሦስት ወሩ መቁጠር ነው። በቀን አምስት ዕቃ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ስህተቱ ከተሠራ ሦስት ቀን ብቻ ሲሆነው ስቶር ኪፐሩ ምን እንደሆነ ያስታውሳል፤ ስድስት ወር ሲሆነው የሚያስታውስ የለም።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ትልቁ ጥፋታችን እዚህ ነበርና። ሥልጠናውን የሰጠነው አዳራሽ ውስጥ ለአምስት ቀን፣ በፕሮጀክተር፣ ለሁሉም በአንድ ላይ ነው። ሹፌሮችን የሚመድበው፣ ሰነድ የሚያስገባው፣ ሪፖርት የሚያወጣውና ሥራ አስኪያጁ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሁሉንም ገጽ አዩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአእምሯቸው የቀረ ነገር አልነበረም። ለመቀበል የከበደን እውነት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሲስተሙን አልቻለም የተባለው ሠራተኛ አብዛኛው ያቃተው ሲስተሙ አልነበረም። ፋይል የት እንዳስቀመጠ ማግኘት፣ በትልቅ ፊደልና በትንሽ ፊደል ምክንያት የማይቀበል ፓስወርድ፣ ተጣርቶ የተደበቀ ረድፍ፤ የሚያቆሙት እነዚህ ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ ማንም አላስተማረውም፣ በአለቃው ፊት ለመጠየቅም አፍሯል።

ስለዚህ ከማሠልጠናችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የ20 ደቂቃ ተግባር ስጡት። «ኤክሴል ታውቃለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ መጠይቅ ምንም አይነግራችሁም፤ ሁሉም «መካከለኛ» ላይ ምልክት ያደርጋል። ይልቅ አንድ ፋይል ስጡትና ከኢሜይል አውርድ፣ በተባለው ስም አስቀምጥ፣ በማብቂያ ቀን ደርድር፣ የአንዱን መጋዘን ብቻ ለይ፣ ድምሩን ጻፍ፣ መልሰህ ላክ በሉት። የት ላይ እንደቆመ ተመልከቱ፣ ነጥብ አትስጡ፣ ለኃላፊው አታሳውቁ። ሥልጠናው ከዚያ ይቀረጻል።

ይህ ተግባር ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው አንድ ስህተት አለ፤ እሱን በቅርብ ላሳያችሁ። ሠራተኛው የማብቂያ ቀኑን ለመደርደር ያን አምድ ብቻ ይመርጣል። ኤክሴል «ጎን ያሉትንም ልጨምር?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሠራተኛው ቸኩሏል፣ ያየሁትን ብቻ ደርድር የሚለውን ይጫናል። ቀኖቹ ተደረደሩ፤ ባች ቁጥሮቹና ብዛቶቹ ግን ባሉበት ቀሩ። አሁን እያንዳንዱ ባች የሌላ ባች ቀን ይዟል። የብዛቱ ድምር አልተለወጠም፣ የረድፉ ቁጥር አልተለወጠም፣ ፋይሉ ጤነኛ ይመስላል። «ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ» በሚለው ደንብ የሚሠራው መጋዘን ግን ገና ሁለት ዓመት ያለውን አስቀድሞ ያወጣል፣ ሊያልፍበት የደረሰው ይቀመጣል። መከላከያው ዝርዝሩን በኤክሴል ሠንጠረዥ ቅርጽ መያዝ ነው፤ ያኔ ረድፉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ጨምራችሁ አስተምሩ። ተራው የድምር ቀመር የተደበቁትንም ረድፎች ይደምራል። ከሌላ ፋይል ገልብጦ መለጠፍ ደግሞ በሴሉ ላይ ያደረጋችሁትን የምርጫ ገደብ አልፎ ይገባል፤ ገደብ አድርጌበታለሁ ብላችሁ አትዘናጉ።

የሠራልን የሥልጠና መንገድ ይህን ይመስላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንዴ 90 ደቂቃ፣ በራሳቸው መጋዘን፣ በዚያው ሳምንት በራሳቸው ሰነድ ላይ። በአንድ ጊዜ አንድ ተግባር ብቻ ነው፤ ዛሬ ገቢ ማስገባት ከሆነ ዛሬ ገቢ ብቻ። አይጡን የሚይዘው ሠልጣኙ ነው፣ አሠልጣኙ እጁን ወደ ኋላ ያድርግ። መመሪያውን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቃል እንዳለ ሆኖ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ፣ ከፎቶ ጋር አዘጋጅታችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ። ከመካከላቸው ቶሎ የገባውን አንድ ሰው ምረጡና የሥራ ሰዓቱን በከፊል ለዚህ ስጡት፤ ሰው ዋናው ቢሮ ከመደወል ይልቅ ጎኑ ያለውን መጠየቅ ይቀለዋል። ያን ሰው ስትመርጡ ሌሎች ሲሳሳቱ የሚታገሥ መሆኑን እዩ፤ ፍጥነቱ ሁለተኛ ነገር ነው።

ፓስወርድ በጋራ መጠቀምን ግን በትዕግሥት አትለፉት። አንድ መለያ ለአራት ሰው ሲሆን ስህተቱ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንን መርዳት እንዳለባችሁም አታውቁም። የጋራ መለያ የሚፈጠረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቸልታ አይደለም፤ አዲስ መለያ ለመክፈት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ነው። መክፈቻውን አሳጥሩት።

በስልክ ወይም በታብሌት መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ፣ ኮቦ ቱልቦክስም ሆነ ኦዲኬ (ሁለቱም የመረጃ መሰብሰቢያ ፎርም መሣሪያዎች ናቸው) ያለ ኢንተርኔት ተሞልተው በኋላ መላክ ይችላሉ፣ ለሩቅ መጋዘን ትልቅ ጥቅም ነው። ሦስት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ተሞልቶ ያልተላከ ፎርም ስልኩ ውስጥ ይቀራል፤ በየቀኑ መጨረሻ የወረቀት ሰነዱ ብዛትና የደረሰው ፎርም ብዛት ይመሳከር። ያልተላከ የመሰለው ሠራተኛ እንደ አዲስ ይሞላና ያው ርክክብ ሁለቴ ይገባል፤ የዌይቢል ቁጥሩን መለያ አድርጉትና የተደጋገመውን በየሳምንቱ አጣሩ። ሦስተኛው በቀላሉ የማይታይ ነው። ሁሉንም ሳጥን ግዴታ ስታደርጉት መረጃው የሌለው ሰው 0 ወይም 1 አስገብቶ ያልፋል። ባዶ ማለት «አላወቅኩም» ነው፣ ዜሮ ማለት «ቆጥሬ ምንም የለም» ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክምችቱ ያለቀበት ጤና ጣቢያና ሪፖርት ያላቀረበው ጤና ጣቢያ አይለዩም። «አላውቅም» የሚል ምርጫ ስጡ፣ ምክንያቱንም ጠይቁ። ፍጹም ሊሆን የማይችለውን፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች ብዛትን፣ ፎርሙ ይከልክል፤ ያልተለመደውን ግን አስጠንቅቆ ይለፍ። ያልተለመደ ነገር በአደጋ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል።

ስለ ፍጆታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምዝገባው ትክክል ሆኖ ውሳኔው የሚበላሽበት ቦታ ነው። አንድ ጣቢያ በወር 600 ፓኬት አደለ ተብሎ ተመዘገበ። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ዕቃው 20 ቀን ብቻ ነበር፣ 10 ቀን መደርደሪያው ባዶ ነበር። እውነተኛው ፍላጎት 600 ለ20 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 900 ነው። በ600 ካዘዛችሁ በሚቀጥለውም ወር በ20ኛው ቀን ያልቃል፤ የሚቀጥለውም እንደዚሁ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ «ዕቃው ያልነበረባቸው ቀናት» የሚል ሳጥን ይኑር። ቢን ካርዱ ላይ ከወጪ ቀሪው ዜሮ የሆነበትና ቀጣዩ ገቢ የተመዘገበበት ቀን ስላለ ቆጥሮ ማውጣት ይቻላል።

ሰው ለሚጽፈው ቁጥር የሚጠነቀቀው ቁጥሩ ተመልሶ ሲጠቅመው ሲያይ ነው። ለዓመታት ከመጋዘን ወደ ላይ ብቻ ይላክ የነበረውን በየሰኞው ወደ ታች መመለስ ጀመርን፤ በአንድ ገጽ፣ ሦስት ነገር ብቻ። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ጊዜው የሚያልፍበት ዕቃ፣ ለአንድ ወር የማይበቃ ክምችት፣ በመንገድ ላይ ያለ ጭነትና የሚደርስበት ቀን። የመጨረሻውን በተለይ ይወዱታል፤ መደርደሪያ ቀድመው ያዘጋጃሉ፣ ጫኝና አውራጅ ይጠራሉ። ወረቀቱ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲያዩ ራሳቸው ይደውላሉ።

ኃላፊዎች ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልዩነት ያሳወቀን ሰው በሰው ፊት አትቆጡ፣ ከደመወዙም አትቁረጡ፤ ስርቆት በማስረጃ ከተገኘ የራሱ መንገድ አለው። የቅጣት ፍርሃት ባለበት መጋዘን ማስተካከያ የሚባል ምዝገባ አይገኝም፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ እኩል ነው። ሥራ የሚበዛበት መጋዘን ለስድስት ወር አንድም ብልሽት፣ አንድም ጉድለት ካላስመዘገበ ደስ አይበላችሁ፤ ሄዳችሁ እዩ።

የተረጂዎችን ስም ዝርዝር ከክምችት ፋይል ጋር አትቀላቅሉ። ስንት ካርቶን እንደወጣ ለማወቅ የማንም ስም አያስፈልግም። በጃንዋሪ 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በሳይበር ጥቃት ከ515,000 በላይ እጅግ ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች መረጃ እንደተደፈረ አስታውቋል። ዝርዝሩ የግድ ካስፈለገ በፓስወርድ ተቆልፎ፣ ማን እንደሚያየው ተወስኖ፣ ሥራው ሲያልቅ ይደምሰስ። በቴሌግራም ቡድን ላይ አይለጠፍ።

በመጨረሻ ያስተካከልነው ርክክብን ነው፤ ቀድመን ብናደርገው ኖሮ ብዙ በዳነ። በዚህ ዘርፍ ውል አጭር ነው፣ ሰው ይሄዳል፣ ያወቀውንም ይዞ ይሄዳል። አሁን የሚሄደውና የሚመጣው ሠራተኛ አሥር ዕቃ አብረው ቆጥረው ይፈራረማሉ፣ ያልተዘጉ ሰነዶች በቁጥር ይዘረዘራሉ፣ የሚሄደው ሰው መለያ በዚያው ቀን ይዘጋል። አዲሱ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥም። ሦስት ጭነት ከነባሩ ሠራተኛ ጋር በር ላይ ቆሞ ይረከባል፤ ካርቶን ይቆጥራል፣ የባቹንና የማብቂያ ቀኑን ከዌይቢሉ ጋር ያመሳክራል፣ ክብደቱን ያሰላል፣ ቢን ካርዱን በእጁ ይጽፋል። በሁለተኛው ሳምንት እነዚያኑ ሦስት ሰነዶች ወደ ሲስተሙ ያስገባል፤ የሚያስገባው በዓይኑ ያየውን ዕቃ ስለሆነ 6,000 ካርቶን የሚል ቁጥር ሲያጋጥመው እጁ ይቆማል።